ታማሚዋም አስተርጓሚዋም

ሳውዲ፣ ደማም የሚኖር የአበሻ ቤተሰብ ሆስፒታል ሲሄድ ሦስት ነገር ይይዛል፦ የመኖሪያ ፈቃድ ኢቃማውን፣ የኢንሹራንስ ካርዱን፣ ዐረብኛ የሚችል ልጁን። ሦስተኛውን የረሳ ሰው በጉንፋን ሄዶ የኩላሊት መድኃኒት ተሸክሞ ይመለሳል። እኔ አልረሳሁም። ልጄን ይዤ ነው የሄድኩት። ችግሩ የታመመችውም እሷው መሆኗ ነው።

እዚህ አገር ከመጣሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሰው ቤት ሠርቻለሁ፤ ዐረብኛ ያስተማረችኝም ማዳም ናት። ማዳም ጎበዝ አስተማሪ ነበረች፣ ትምህርቷ ግን ከትእዛዝ አያልፍም፦ አምጪ፣ ውሰጂ፣ ጥረጊ፣ ቶሎ በይ። ሽንኩርት ስንት ዓይነት እንደሚከተፍ በዐረብኛ አብጠርጥሬ አውቃለሁ። “ከፍቶኛል” ማለት ግን አላውቅም፤ ከፍቶሽ ይሆን ብሎ የጠየቀኝ ስላልነበረ መልሱን የምለማመድበት አጋጣሚ አላገኘሁም። ባሌ ከእኔ ትንሽ ይሻላል። ጠዋት በኩባንያው አውቶቡስ ወደ ኢንዱስትሪ ከተማው ሄዶ መጋዘን ውስጥ ይውላል፤ ስለ ካርቶንና ስለ ፎርክሊፍት ከሆነ የሚስተካከለው የለም።

ስለዚህ አንድ ልጃችን ገና በሰባት ዓመቷ የቤቱ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆና ተሾመች። አል ፈይሰሊያ ሰፈር ባለችው ሁለት ክፍል ቤታችን አከራዩ ሲመጣ የምታነጋግረው እሷ፤ ከትምህርት ቤት ወረቀት ሲላክ የምታነበው እሷ፤ ኢቃማ ሲታደስ ከአባቷ ጎን ቆማ ለጸሐፊው የምትመልሰው እሷ። አንድ ቀን አከራዩ በር ላይ ቆሞ ፊቱ እስኪቀላ ሲጮህ ቆይቶ ሄደ። “ምን አለ?” ብላት “ሰላም በሉልኝ አለ” አለችኝ። ያን ያህል እየጮኸ ሰላምታ የሚያቀርብ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። ስቄ ስቄ ጎኔን አመመኝ፤ ክፉ ቃል ከአፏ የማይወጣ ጨዋ ልጅ አለችኝ ብዬም ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ሰው ልጁ ስትዋሽ ይቆጣል፣ እኔ ግን ኮራሁ።

በሽታው የመጣው ልጄ አሥራ ስድስት በሞላት ዓመት፣ በረመዳን ነው። ጊዜውን አሳምሮ መርጧል። በረመዳን ይህ ከተማ ቀን ይተኛና ሌሊት ይነቃል፤ ሱቁ የሚከፈተው ሌሊት፣ ሕፃናቱ የሚጫወቱት ሌሊት። ማንም በማይተኛበት ከተማ አንዲት ልጅ ጨርሶ አለመተኛቷን ማን ልብ ይላል? ሌላው ሰው ቀን ያካክሰው ነበር፣ እሷ ቀንም አትተኛም። ቁርኣን ትጀምራለች፤ ሳትጨርሰው ተነስታ ቁም ሳጥን ታራግፋለች፤ እሱን ሜዳ ላይ ትታ በዚህ አገር ላሉ ስደተኞች ሁሉ ትምህርት ቤት ስለመክፈት በሦስት ቋንቋ ትጽፋለች። ስታወራ ትንፋሽ አትወስድም። ዐረብኛው፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይጋፋሉ። አባቷ “ማሻአላህ፣ ዘንድሮ ረመዳን ገባት” አለ። እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ። የሰው ልጅ ስልኳን ታቅፋ ተኝታ ስትውል የእኔዋ መልአክ ሆናለች፤ ምን ጎደለኝ?

አንድ ሐሙስ፣ መግሪብ ሊያዛን ግማሽ ሰዓት ሲቀረው በር ተንኳኳ። የማላውቃት ሴት ሦስት ልጆች አስከትላ ቆማለች። “አፉ በይን እኅቴ፣ መኪና አጥተን ረፈደብን” ብላኝ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ከኋላዋ ሌላ፣ ከዚያችም ኋላ ሌላ። ለካ ልጄ በእኔ ስልክ፣ የአገራችን ሴቶች በምንገናኝበት የዋትስአፕ ግሩፕ ላይ፣ በእኔ ስም የኢፍጣር ጥሪ ልካለች። አርባ ሁለት ሴት ቆጠርኩ፤ ልጆቹን መቁጠር ተውኩት። ምድጃው ላይ ያለው ለሦስት ሰው የሚሆን ሾርባ ነው። ልጄ በመሀል እየበረረች “ማማ፣ አላህ በረካ ይጨምርበታል” ትለኛለች። ከፊት ለፊታችን በር የምትኖረው ጎረቤቴ ሩዝ በሁለት ድስት ይዛ ደረሰችልኝ፤ ባሌ ታች ካለው ቡፊያ ምግብ ቤት የቀረውን ሳንቡሳ ሁሉ ጠራርጎ መጣ። እንደምንም አለፈ። እንግዶቹ በልተው፣ መርቀው፣ “እንዲህ ያለች ቸር ልጅ ማን ወለደ!” እያሉ ወጡ። እኔ ነኛ የወለድኳት። ቸርነቱን ከማን ወሰደችው ብለው እስኪጠይቁኝ በር ላይ ቆሜ ጠብቄ ነበር፣ የጠየቀኝ ግን የለም።

ከዒድ በኋላ ከተማው ወደ እንቅልፉ ተመለሰ፤ እሷ ግን ሁለት ሳምንት ያህል ቀጠለች። ከዚያ አንድ ጠዋት አልጋዋ ላይ ወደ ግድግዳው ዞረች፣ ኸላስ። ያ ሁሉ ወሬ ደረቀ። ፀጉሯን ማበጠር ተወች፤ ምግብ ሲቀርብላት ሳህኑን ታየዋለች እንጂ አትነካውም። ትምህርት ቤት የምትሄደውም አባቷ እጇን ይዞ ሲያወጣት ነው።

ጎረቤቴ መጥታ አየቻትና “ዐይን ነው” አለች። “አርባ ሁለት ሴት ሰማንያ አራት ዐይን ይዞ ቤትሽ ገብቶ ምን ጠብቀሽ ኖሯል?” ሒሳቡ ልክ ነው፣ አልተከራከርኳትም። ቁርኣን የተቀራበት ውኃ መጣ፤ ዘምዘም መጣ፤ የጥቁር አዝሙድ ዘይት መጣ። አንዷ ስልኳን ቀሟት አለች፣ አንዷ ዳሯት አለች፣ ሌላዋ ደግሞ የመድኃኒቶቹን ሁሉ አለቃ አዘዘችልኝ፦ “አገሯን ወስደሽ አሳያት።” ልጄ አገራችንን ወሎን የምታውቀው በስልክ ነው። የተወለደችው እዚህ፣ ያደገችው እዚህ፤ አገር ብትባል የሚመጣባት ማዶ ያለው ባቃላ ሱቅና አይስክሬሙ ነው። ቁርኣኑን እየነቀፍኩ እንዳይመስል። ያኔም ቀርቼባታለሁ፣ ዛሬም እቀራባታለሁ። ቁርኣኑ ሐኪም ቤት አትሂዱ አላለንም፤ ያልነው እኛ ነን።

በመጨረሻ ሰፈር ውስጥ ያለ ክሊኒክ ወሰድናት፤ ያውም “ሆዷን አሟት” ብለን። እውነቱን ያልተናገርነው አንድ የታወቀ ወሬ ስላለ ነው። የአእምሮ ሕመም ፋይል ላይ ከተጻፈ ካፊሉ፣ ማለትም በስሙ የምንኖርበት አሠሪ፣ ያያል፣ ካፊሉ ካየ ኢቃማ አይታደስም፣ የመውጫ ቪዛው ኹሩጅ ተመትቶብህ ጠቅልለህ አገርህ ትገባለህ ይባላል። ማን እንዳለው አይታወቅም። ማን እንዳለው የማይታወቅ ነገር ደግሞ ከሁሉ በላይ ይታመናል። የክሊኒኩ ዶክተር ደሟን አስመርምሮ የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው አለን። ፀሐይዋ የመኪና ጣሪያ ላይ እንቁላል በምትጠብስበት አገር የፀሐይ ቫይታሚን አነሳት! ግን ደስ አለን። እጥረት ጥሩ በሽታ ነው፤ ለጎረቤት ሲነገር አያሳፍርም። ክኒኑን ገዝተን ተመለስን።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት አጠገቧ ተቀምጬ የታጠበ ልብስ አጥፋለሁ። ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ “ማማ፣ እኔ ባልኖር ቤቱ ይሰፋችሁ ነበር” አለችኝ።

የእኔ ምላስ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚነቃው። “እስቲ መጀመሪያ ብርድ ልብስሽን እጠፊው፣ ያኔም ይሰፋል” አልኳት።

ተነስታ አጠፈችው። ዳር ከዳር አስተካክላ፣ ጫፉን ከጫፉ ገጥማ። ጥሩ መልስ የመለስኩ መስሎኝ ማታ ለባሌ ነገርኩት፤ እሱም ሳቀ። ይህን ስጽፍ ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

ሳምንት ሳይሞላ የትምህርት ቤቷ አማካሪ ለባሌ ሥራ ቦታ ደወለችለት። ልጅቷ ዕቃዋን እያደለች ነው አለችው። ቀለሞቿን ለአንዷ፣ ሰዓቷን ለሌላዋ፣ ከማንም ጋር የማትጋራውን ማዳመጫዋን ለአንዲት አዲስ ተማሪ ሰጥታለች። ባሌ ማታ መጥቶ ሲነግረኝ “ታዲያ ሰደቃ ምን ያስደውላል?” አልኩት። ቸር ናት ተብሎ የለም እንዴ! ሲያማት አርባ ሁለት ሰው ጠርታ አበላች፣ ቸር አልናት፤ ሲብስባት የራሷን ዕቃ በተነች፣ አሁንም ቸር አልናት። እኛ ዘንድ የሚሰጥ ሰው ታመመ አይባልም። አማካሪዋ ግን እንደኛ አላየችውም። “ልጅ የምትወደውን አንድ በአንድ ስትሰጥ እኔ እፈራለሁ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ውሰዷት” ብላ፣ ጎረቤት ከተማ ኾበር ወዳለ ሆስፒታል ወረቀት ጻፈችልን። ባሌ ፈቃድ ስላልተሰጠው ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ።

ዶክተሯ ሱዳናዊት ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መልሳ የምትፈልገው ዓይነት ሴት። ሁለት ቃል እንደተነጋገርን ዐረብኛዬ የት ላይ እንደሚያልቅ ገባትና፣ እዚህ በጽዳት የምትሠራ ሐበሺያ አለች፣ ታስተርጉምልሽ ወይ አለችኝ። ይህን ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። ሐበሺያ የምትለዋን ስሰማ ቀልቤ ተገፈፈ። አንዲት የአገሬ ሴት እዚህ ከሰማች አርብ ሳይደርስ ጂዳ ይሰማል! “ላ፣ ላ፣ ማፊ ሙሽኪላ!” አልኩ እጄን እያወዛወዝኩ። ችግር የለም፣ ልጄ አለችልኝ። ዶክተሯ ደስ አላላትም፤ በሩ ላይ ግን ሰው ተሰልፏል፣ እኔም ወንበሬን ወደ ልጄ አስጠግቼ ተቀምጫለሁ። ያለ አስተርጓሚ ንክች እንደማይል አምባሳደር።

ዶክተሯ ትጠይቃለች፣ ልጄ ትነግረኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ልጄ ትመልስላታለች።

“ምግብ ትበላለች ወይ ነው የምትለው።”

“አልሐምዱሊላህ፣ አሁን አሁን ማካሮኒ ሲሆን ትበላለች በያት።”

ልጄ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ማካሮኒ በዐረብኛ ይህን ያህል መርዘሙ ትንሽ ገረመኝ።

ቀጥሎ ዶክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እኔን እያየች ሌላ ጥያቄ ጠየቀች። እዚያ ውስጥ “መውት” የሚል ቃል ሰማሁ። ሞት በነሱም ሞት ነው፤ ለእሱ አስተርጓሚ አያስፈልግም። ልጄን አየኋት። ፊቷ ላይ ምንም የለም።

“አያቶቿ በሕይወት አሉ ወይ እያለች ነው” አለችኝ።

“አባቴ አላህ ይዘንለትና ሞቷል፤ እናቴ ደህና ናት በያት” አልኩ።

ምን እንዳለቻት አላውቅም። አምኛት ነበር ብል ይቀለኛል። እውነቱ ግን ማመን ፈለግሁ፤ የጠየቅሁት ነገር ሌላ መልስ እንዳያመጣብኝ ሁለተኛ አልጠየቅሁም። ዶክተሯ በመጨረሻ “ባይፖላር” የሚል ነገር አለች። “ድካም ነው አለች” አለችኝ ልጄ። ለድካሙ መድኃኒት ታዘዘ፣ በሳምንቱ ተመለሱ ተባልን። መንገድ ላይ፣ በዐቅረቢያ ሰፈር በኩል ታክሲ እስክናገኝ በእግር ስንሄድ፣ ጎበዝ አስተርጓሚ ነሽ ብዬ አመሰገንኳት።

በሳምንቱ ተመልሰን ስንሄድ ዶክተሯ ልጄን ደም እንድትሰጥ ከነርሷ ጋር ላከቻትና በሩን ዘጋች። ከዚያ እንደ ማዳም በአጫጭር ቃል፣ ግን እንደ ማዳም ሳትጮህ አወራችኝ። አንቺ ብዙ ታወሪያለሽ፣ እሷ ሁለት ቃል ትነግረኛለች። አንቺ ሁለት ቃል ስትናገሪ እሷ ብዙ ታወራለች። ይህ ልክ አይደለም አለችኝ። ፋይሉን ከፍታ እኔ ተናግሬዋለሁ የተባለውን አነበበችልኝ። ያልገባኝን በእጇ እያሳየች ደገመችልኝ። እንደ ፋይሉ ከሆነ ልጄ ሞትን በአፏ አንስታ አታውቅም ብያለሁ። ቀንም ማታም ከአጠገቧ አልጠፋም ብያለሁ። የሚያሰጋ ምንም ነገር አላየሁም ብያለሁ። ፋይሉ ውስጥ ያለችው እናት የሚቀናባት ናት፤ ባገኛት ልጄን ለእሷ በሰጠኋት። እኔ ያልኩት ማካሮኒ ነው።

ዶክተሯ ወረቀት ሳበችና በብዕር አንድ መስመር ወደ ላይ አወጣች፣ ከዚያ ወደ ታች ጣለችው። ላይኛውን ጫፍ ነክታ “ረመዳን” አለች። ታችኛውን ነክታ “አሁን” አለች። “ባይፖላር። ሁለቱም በሽታ ነው።” ያ አልሐምዱሊላህ ያልኩበት ወር ሁሉ ላይኛው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል። ከዚያ ይህ በሽታ ያለባቸው ልጆች የሞት ሐሳብ ሊመጣባቸው እንደሚችል፣ ስለዚህ መጠየቅ ግዴታ እንደሆነ ነገረችኝ። “ጠይቀሻታል?” አለችኝ።

እንዴት ብዬ! እኛ ዘንድ ክፉ ነገር በስሙ አይጠራም። “አታሟርቱ” እየተባልን ነው ያደግነው፤ የጠራኸው ይመጣል። ሟርት በዐረብኛ ምን እንደሚባል ስለማላውቅ አፌን በእጄ ከድኜ አሳየኋት። ገባት። የእሷም አገር ሴቶች እንዲህ እንደሚያደርጉ ነገረችኝ። “ጥያቄው አያመጣውም” አለች ቀስ ብላ። “ካለ አለ። ካልጠየቅሽ ብቻዋን ናት።” የደሙ ውጤት እስኪደርስ አንድ ሰዓት አለ፣ በራስሽ ቋንቋ ጠይቂያት፣ ከዚያ ሁለታችሁም ሳታዩኝ እንዳትሄዱ አለችኝ።

የሆስፒታሉ ካፍቴሪያ ውስጥ ሁለት ሻይ በወተት ገዝቼ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። የምሸሽበት ቀልድ ፈለግሁ። ምላሴ፣ ያ ከእኔ ቀድሞ የሚነቃው ምላሴ፣ ባስፈለገበት ቀን ተኝቷል። በመጨረሻ እንደ ዜና አንባቢ ቀጥ ብዬ “ራስሽን ማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?” አልኳት።

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ከዚያ በዐረብኛ አንድ ነገር መናገር ጀመረች።

“በአማርኛ ንገሪኝ።”

“በአማርኛ እንዴት እንደሚባል አላውቅም። እቤት እንዲህ ያለ ነገር አናወራም እኮ።”

“በቻልሽው።”

“አዎ” አለች። “ብዙ ጊዜ።”

እጆቼን ከጠረጴዛው ሥር ደበቅኳቸው። “ዛሬስ?”

“ዛሬ አይደለም።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ነግሬሽ ነበር። ብርድ ልብስሽን እጠፊ አልሽኝ።” ስትናገረው ቁጣ የለበትም፤ ሰዓት እንደምትነግር ነው። “እኔ ስነግርሽ ትቀልጃለሽ፣ ማማ።”

“ለዶክተሯስ ለምን ዋሸሻት?”

“አንቺ እንዳትሰሚ ነዋ። ክፉ ነገር ተርጉሜልሽ አውቃለሁ? አከራዩ ያን ቀን ምን ብሎ እንደሰደበሽ ነግሬሻለሁ?”

አልነገረችኝም። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በእኔና በክፉው ነገር መሀል ቆማ፣ የሚመጣውን ሁሉ ራሷ ጋ እያስቀረች፣ ለእኔ ሰላምታውን ብቻ ስታሳልፍልኝ ኖራለች። እኔ ደግሞ ያንን አስተዳደጌ ነው ብዬ ስኮራበት ኖሬያለሁ። እዚያው ካፍቴሪያ ውስጥ፣ ሰው እያየኝ፣ አለቀስኩ። ልጄ ሶፍት አቀበለችኝ። ሰው እያየን ነው አላልኳትም።

ዶክተሯ ጋ ተመልሰን ስንገባ “ሐበሺያዋን ጥሪልኝ” አልኩ። መጣች፤ የጽዳት ልብሷን እንደለበሰች፣ ጓንቷን እያወለቀች። የአገሬ ሰው መሆኗ ከአረማመዷ ያስታውቃል። “እኅቴ፣ እንደተናገርኩት ንገሪልኝ” አልኳት። “ልጄ መሞት ታስባለች። ነግራኝ አልሰማሁም። ያለፈው ሳምንት ያልኩት ሁሉ እኔ ያልኩት አይደለም።” ሴትየዋ ልጄን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻት። ያን ቀን ልጄን አስተኟት፤ እዚያው ቀረች። ስወጣ ሴትየዋ ኮሪደር ላይ ጠብቃኝ ትከሻዬን ያዘች። “እዚህ ስጠራ የመጀመሪያዬ እንዳይመስልሽ። በየዒዱ የምትሳለሚያቸው ሴቶች ስንቶቹ ልጅ ይዘው እዚህ ቁጭ ብለዋል! በሆዴ ነው ያለው” አለችኝ። ጂዳ ይደርሳል ብዬ የፈራሁት ወሬ ከእሷ ሆድ አልወጣም። ወሬኛዋ እኔው ነበርኩ፤ ሰውን ሁሉ በራሴ ለክቼ።

በሽታው ሄደ ብዬ አልዋሽም፤ በዚህ ቤት ከእንግዲህ የሚዋሽ ሰው አንፈልግም። ከሆስፒታል ስትወጣ ዶክተሯ ለሁላችንም ሥራ ሰጠችን። መድኃኒቱ እኔ ጋ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ በየቀኑ የምሰጣት እኔ ነኝ። ከቤት አርቁ የተባልነውን ሁሉ አራቅን። እንቅልፏን አባቷ ይቆጥራል፤ ሁለት ቀን ካነሰ ዶክተሯ ጋ ይደውላል፣ ረመዳንም ቢሆን። የካርቶን ዐረብኛው ለዚህ በቂ ሆኖ ተገኝቷል። ኢቃማችን ደግሞ ታደሰ። ካፊሉ ፋይሏን ሊያነብ ይቅርና ልጅ እንዳለን ያስታውስ እንደሆነም እጠራጠራለሁ። ያ ሁሉ ወር የተደበቅነው ከማያየን ሰው ነው።

የእኔ ሌላው ሥራ መጠየቅ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ ጥያቄው ከአፌ እስኪወጣ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ኋላ ላይ ለመድነው። ድስት እያማሰልኩ፣ ጫማዋን እያሰረች፣ “ዛሬስ?” እላታለሁ። “ዛሬ አይደለም፣ ማማ” ትለኛለች፣ ዳቦ አለ ወይ ተብላ እንደተጠየቀች ሁሉ። አንዳንዴ ይሰለቻትና ዐይኗን ታንከባልልብኛለች። ሲሰለቻት ደስ ይለኛል። ጎረቤቴ አንድ ቀን ሰምታን “አንቺ ሴትዮ፣ ዘወትር ታሟርቻለሽ እንዴ!” አለችኝ፤ አዎ አልኳት። ይህን ጽሑፍም ልጄ አንብባዋለች። ስም እንዳትጽፊ፣ የቀረውን ግን ጻፊ ብላኛለች።

ወራት በደህና አለፉ። ፈተናዋን አለፈች፤ ትስቃለች፤ ከእኔ ጋር መጨቃጨቅም ጀመረች። ባሌ “አሁንማ ድናለች፣ መድኃኒቱ ምን ያደርግላታል?” ማለት ጀምሮ ነበር፣ እኔም ልቤ መስማማት ከጅሏል። ጠዋት መጠየቁንም አንድ ሁለት ቀን ዘለልኩት።

በሦስተኛው ቀን፣ ከዙህር በኋላ፣ ሩዝ ጥጄ ሳለሁ ወጥ ቤቱ በር ላይ መጥታ ቆመች። ባዶ እግሯን ናት። ምንም አልጠየቅኋትም ነበር።

“ማማ” አለች። “ዛሬ ነው።”

“እሺ” አልኩ። ጋዙን አጥፍቼ፣ አባያዬን ከበሩ ኋላ አውርጄ፣ የእሷን አለበስኳትና እጇን ይዤ ወረድኩ። ታክሲ ቶሎ አገኘን፤ ከኋላ አብረን ተቀመጥን። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየን ወዴት እንደምንሄድ በዐረብኛ ጠየቀ።

ልጄ እንደ ልማዷ ልትመልስለት ቀና አለች።

“አንቺ ተይው” አልኳት፤ “እኔ እነግረዋለሁ።”